ያን ሌሊት ያየሽው በሽታው አልነበረም

ለምወድሽ እማዬ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እንደማታምኚኝ አውቃለሁ። ከሄድሽ ጀምሮ ስልክ ስንነጋገር ድምፄን ነው የምታዳምጪው፤ የምለውን አትሰሚኝም። ስለዚህ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ። መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ስለዚያ አርብ ሌሊት ነው። ጥርሴ ሲንገጫገጭ ሰምተሽ መጣሽ። ነጠላሽን አለበስሽኝ፣ በላዩ ጋቢ ደረብሽልኝ። «ምች ነው የመታት» እያልሽ ከሻንጣሽ ያወጣሽውን ዳማከሴ በመዳፍሽ አሽተሽ አፍንጫዬ ሥር ያዝሽልኝ። ሽንት ቤት ልሄድ ስነሳ ደግሞ ግራ እግሬ ተጎተተ። ያኔ ፊትሽን አየሁት። በማግስቱ «ይሄ መርፌ ልጄን ሊገድልብኝ ነው» አልሽ። ይኸው እስከ ዛሬም መርፌውን ተይና ሸንኮራ ዮሐንስ ነይ እያልሽ ትለምኝኛለሽ።

እማዬ፣ ያን ሌሊት ያየሽው በሽታው አልነበረም። የመድኃኒቱ ጣጣ ነበር። አስቀድሜ ሳልነግርሽ መቅረቴ የኔ ጥፋት ነው። እንዳትጨነቂ ብዬ ደበቅኩሽ፣ ጭራሽ አስጨነቅኩሽ።

በሽታዬ ኤም ኤስ ነው። በሽታን የሚከላከለው የሰውነቴ ክፍል በገዛ ነርቬ ላይ ይነሳል። ነርቭ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ አለው። ያ ልባስ ሲላጥ መልእክቱ በቅጡ አያልፍም። አምና ዓይኔን ያደበዘዘው፣ እግሬን ያደነዘዘው እሱ ነው። መርፌው አቮኔክስ ይባላል። ፈውስ ነው አልልሽም፤ በሽታው ቶሎ ቶሎ እንዳያገረሽብኝ ነው የምወስደው። ደግሞ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም፤ እዚህ አሜሪካ በፈረንጆቹ 1996 ነው የተፈቀደው።

ታዲያ መድኃኒት ከሆነ ለምን ያንቀጠቅጣል ትዪኛለሽ። ውስጡ ያለው ኢንተርፌሮን ይባላል። ሰው ጉንፋን ሲይዘው ሰውነቱ ራሱ ኢንተርፌሮን ያመነጫል። ብርድ ብርድ ማለቱ፣ ቁርጥማቱ፣ ትኩሳቱ አንዱ ምክንያቱ እሱ ነው። ስለዚህ መርፌውን ስወጋ ሰውነቴ ጉንፋን የገባ ይመስለዋል። ምች ነው ማለትሽ ብዙም አልራቀም፤ ቁርጥ እሱን ነው የሚመስለው። ከተወጋሁ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይጀምረኛል፣ በማግስቱ ይለቀኛል።

እግሬ የተጎተተውም ከትኩሳቱ ነው። የተጎዳ ነርቭ ሙቀት አይችልም። ሰውነቴ ሲግል የድሮው ምልክት ብቅ ይላል፣ ሲበርድ ይመለሳል። ቅዳሜ ከሰዓት በርበሬ ልንገዛ ስንወጣ እግሬ ደህና እንደነበር አስታውሺ። አክስቴ ፍልውሃ ትግባ ስትል እምቢ ያልኩትም ለዚህ ነው እንጂ ንቄያት አይደለም።

ደግሞ አጋጣሚው ከፋ። መርፌው የሚጀመረው በሩብ ነው። ሰውነት እንዲለምደው በየሳምንቱ እየተጨመረ በአራተኛው ሙሉ ይሆናል። ያ አርብ አራተኛው ነበር።

አሁን እንዴት እንደማደርገው ልንገርሽ። አርብን የመረጥኩት ቅዳሜ ሥራ ስለሌለኝ ነው። መርፌውን ከግማሽ ሰዓት በፊት ከፍሪጅ አወጣዋለሁ። ቀዝቃዛው ሲገባ ያማል፤ በሙቅ ውሃ ማሞቅ ደግሞ ክልክል ነው። ጠረጴዛው ላይ፣ ያንቺ ረከቦት አጠገብ አስቀምጬው እራቴን እበላለሁ። ሐኪሟ ያዘዘችልኝን አይቡፕሮፌን ከመወጋቴ በፊት እውጣለሁ፣ ጠዋት ስነሳ እደግመዋለሁ። ኪኒኑ ባዶ ሆድ አይወድም። ጾሜን ፈታሁ ብለሽ እንዳትሰጊ፣ ሽሮዬ ይበቃዋል። ውሃም በብዛት እጠጣለሁ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ተወግቼ እተኛለሁ፤ የባሰው ሰዓት በእንቅልፍ ያልፍልኛል።

የምወጋው ጭኔን ነው፤ አንድ ሳምንት ቀኙን፣ አንድ ሳምንት ግራውን። እንዳልረሳ አንቺ በሰቀልሽው የኪዳነ ምሕረት ካላንደር ላይ «ቀ» እና «ግ» እያልኩ እጽፋለሁ። ከተወጋሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቦታውን አየዋለሁ፤ ቀላ ካለ በረዶ በጨርቅ ጠቅልዬ እይዝበታለሁ። ካበጠና ካልሄደ ግን ለነርሷ መደወል ነው። ካለፈው ወር ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት የቀረኝ ድካም ብቻ ነው። መንቀጥቀጡ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልመጣም።

በሃይላንድ የላክሽልኝን ጸበል ጠጥቼዋለሁ፣ እግሬንም ቀብቼበታለሁ። ሐኪሟ አልከለከለችኝም፤ እኔም አልተውም። ቀቅለሽ ጠጪው ያልሽኝን ሥር ግን አልጠጣሁትም፣ ይቅር በይኝ። መርፌው ጉበት ሊጎዳ ስለሚችል በየጊዜው የደም ምርመራ አለኝ። ምን እንደሚያደርግ የማላውቀውን ነገር ልጨምርበት አልችልም።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ይህን ለመጻፍ ነው ሦስት ቀን የፈጀብኝ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሆድ ይብሰኝ ጀመር። መጀመሪያ ናፍቆት መሰለኝ። አልጋሽን ሳነጥፍ ማልቀስ ምን ይገርማል? ግን ሳህን ሳጥብም አለቅስ ነበር። ባቡር ውስጥም እንዲሁ። ቡና ማፍላት ተውኩ። አንቺ ስትደውዪ ፊቴን ታጥቤ ነበር የማነሳው።

ይህ መርፌ የአንዳንዱን ሰው ስሜት ሊያወርድ እንደሚችል መጀመሪያውኑ ነግረውኝ ነበር። በሽታው ራሱም ያመጣዋል። የትኛው እንደሆነ መለየት የኔ ሥራ አይደለም፤ የኔ ሥራ መናገር ነው። በሁለተኛው ሳምንት ለሐኪሟ ደወልኩ። ሳትዘገይ አየችኝ። ሰው እንዳነጋግር ላከችኝ፣ አሁን በየ15 ቀኑ እሄዳለሁ። ከዚህ ካልተሻለሽ መድኃኒቱን እንቀይራለን ብላኛለች። በወር አንዴ የሚወጋም አለ፣ የሚዋጥም አለ። ብቻ በራሴ ፈቃድ ዝም ብዬ እንዳላቆመው አስጠንቅቃኛለች።

አሁን ተመልሻለሁ እማዬ። እሁድ ጀበናዬን ጥጄ ነበር። እንደገና ከባሰኝ ግን ፊቴን ሳልታጠብ ነው ስልኩን የማነሳልሽ። አንቺም «አይዞሽ» በይኝ እንጂ «መርፌውን ጣይው» አትበዪኝ። እሱን ስትዪኝ ካንቺ ጋር መጣላት አልፈልግምና እንደገና መደበቅ እጀምራለሁ።

አስቤው ነበር፤ እኔ አርብ ማታ ስወጋ እናንተ ጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፣ ለጸሎት የምትነሺበት። የዚያን ሰዓት ስሜን ጥሪልኝ፣ ከዚያ ተመልሰሽ ተኚ። ቅዳሜ ጠዋት አትደውዪ፤ እኔ ተኝቼ ስለሆነ አላነሳም፣ አንቺም ባዶ ትደነግጫለሽ። ማታ፣ ከ2 ሰዓት ዜና በፊት እኔ ራሴ እደውልልሻለሁ።

ጉልበትሽን ለሐኪም አሳዪ። ለጎረቤቶቹ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ናፋቂሽ ልጅሽ