አስፈርሞ የሚጠፋ ሽማግሌ

ውድ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ አገሮች እርቅ በጻፋችሁ ቁጥር የሚወጣው ፎቶ አንድ ዓይነት ነው። ሁለት መሪዎች ይጨባበጣሉ፣ አስታራቂው መሀል ቆሞ ፈገግ ይላል። አልጠላሁትም። ግን ከፎቶው በኋላ ያለውን ማን ይጽፈዋል? አስታራቂ እንደሆነ ሞልቷል። አስፈርሞ የሚቆይ ነው የጠፋው።

የአልጀርሱን እዩት። ታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኤርትራ ሲፈራረሙ ያልተገኘ ትልቅ ሰው አልነበረም፤ የአልጄሪያው ፕሬዚዳንት፣ ኮፊ አናን፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት፣ አሜሪካ፣ አውሮፓ። የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔ የመጨረሻና አስገዳጅ ይሆናል ተባለ። ሚያዝያ 1994 ውሳኔው መጣ፣ ባድመም ለኤርትራ ተወሰነች። ከዚያማ እኛ «አይሆንም» አልን፣ ቆይተን ደግሞ «በመርህ ደረጃ ተቀብለናል» አልን፤ እነሱም በበኩላቸው የሰላም አስከባሪውን ሄሊኮፕተር አገዱ፣ ነዳጅ ከለከሉ። ኮሚሽኑ መሬት ላይ ችካል መትከል ሲያቅተው ኅዳር 2000 ላይ ወሰኑን በካርታ ነጥብ አስቀምጦ ተበተነ። በዓመቱ መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት ጦርም ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። በፊርማው ቀን የተሰለፉት ሁሉ የት ነበሩ? መግለጫ ያወጡ ነበር።

በመንዝ በኩል የእርሻ ወሰን ጠብ ሲሸመገል ያየ ሰው ይሄ ይገርመዋል። እዚያ ይቅር ለእግዚአብሔር ስለተባባሉ ነገሩ አያልቅም። ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም ይዘው ማሳው ላይ ይወርዳሉ፣ የወሰኑን ድንጋይ ሁሉም እያየ ያስተክላሉ፣ ከዚያ «በል ዋስህን ጥራ» ይባላል። ዋሱ ደግሞ ከመንገድ የተጠራ ሰው አይደለም፤ ባለጉዳዩ የሚያፍረው፣ ቃሉን የማያልፈው ሰው ነው፣ አማቹ ወይ የክርስትና አባቱ ሊሆን ይችላል። ገደብም ይቆረጣል፣ እርቁን ያፈረሰ ይሄን ያህል ብር ይከፍላል ተብሎ። እርሻ ሲጀመር አንዱ ሽማግሌ ለሌላ ጉዳይ የሚሄድ መስሎ በዚያ በኩል ያልፍና ድንጋዩን አይቶት ይመለሳል። ማረሻው ወደ ጎን ገባ ገባ ካለ ዱላ ሳይነሳ «አንተ፣ ምን እያደረግህ ነው?» የሚል አለ።

ይሄ ለመንግሥታት አይሠራም የሚለኝ ካለ፣ ሠርቷል። ጥቅምት 1956 ዓ.ም. አልጄሪያና ሞሮኮ በበረሃ ወሰን ሲዋጉ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ከተመሠረተ ገና አምስት ወሩ ነበር። ጃንሆይና የማሊው ሞዲቦ ኬይታ ሁለቱን ባማኮ ላይ አገናኟቸው፣ ተኩስ ይቁም ተባለ። ልብ በሉ፣ ስምምነቱ ጦር የማይገባበት ቀጠና እንዲከለልና የኢትዮጵያና የማሊ መኮንኖች እንዲከታተሉት ይላል። አስታራቂዎቹ የራሳቸውን ሰው መደቡ ማለት ነው። ሁለቱ አገሮች ዛሬም ዓይንህን ለአፈር እንደተባባሉ ናቸው፣ ያ ጦርነት ግን አልተደገመም።

የእኛና የኤርትራ የሐምሌ 2010 እርቅማ ጭራሽ ሽማግሌም ዋስም ሳይታይበት በመሪዎች መተቃቀፍ አለቀ። እኔም ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ እልል ካሉት አንዱ ነኝ። መስከረም ላይ ዛላምበሳ ተከፈተ፣ ሰው ተላቀሰ፣ ነጋዴው ጎረፈ፤ ጥቂት ወር ሳይቆይ ተዘጋ። ለምን ተዘጋ ብሎ የሚጠይቅ ሦስተኛ ወገን አልነበረም።

«መጀመሪያ እናንተ ሰሜን ሸዋዎች ተስማሙ» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ልክ ነው፣ የተፈናቃይ መጠለያ ካለበት ከተማ ሆኜ ነው ይሄን የምጽፈው። ግን በባድመ ጊዜ ልጁን ያልሸኘ ሰፈር አለ እንዴ? አሁን ደግሞ የወደብ ወሬ በተነሳ ቁጥር ሻይ ቤት ውስጥ ጦርነቱን እንደ ኳስ ጨዋታ የሚተነትን ወጣት ስሰማ ደሜ ይፈላል።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሶማሊያ በቱርክ ሸምጋይነት አንካራ ላይ ሲስማሙ ወረቀቱ ላይ የጊዜ ገደብ ነበረበት፤ የባለሙያዎቹ ድርድር እስከ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይጀመር፣ በአራት ወር ይለቅ ይላል። ፌብሩዋሪ ላይ ተጀምሯል፣ እናንተም ዘግባችኋል። አራት ወሩ ካለፈ ቆየ። እስቲ ጋዜጠኛ መድቡና የት እንደደረሰ ጠይቁልን፣ ቱርክ ዛሬም ትከታተለው እንደሆነ፣ ቃሉን ያጠፈ ወገን ምን እንደሚደርስበት። ፎቶ ባይኖረውም እኔ አነበዋለሁ።

አንባቢያችሁ
ከደብረ ብርሃን