ደብዳቤ ለልጄ፦ ለቦቢ የምትሰጪውን ሳንባ ቀቅዪው

ልጄ፣ እንዴት ነሽ? ሚጡስ? ይሄን ነገር በስልክ ልነግርሽ ነበር፣ ግን ስልክ ላይ አንቺም ትቸኩያለሽ፣ እኔም ሳልጨርስ ይቋረጣል። ስለዚህ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ለውሻሽ ለቦቢ ጥሬ ስጋና ሳንባ መስጠት ጀምሬያለሁ ብለሽኛል። ከውጭ የሚገባው የውሻ ምግብ ዋጋው እንደማይቀመስ አውቃለሁ። ቤት ውስጥ አዘጋጅተሽ መመገብሽንም እደግፋለሁ። የምቃወመው ጥሬነቱን ነው። ከሁሉም በላይ ሳንባውንና ጉበቱን።

ቄራ ውስጥ ስጋ ስመረምር እንደኖርኩ ታውቂያለሽ፣ ምን ምን እንደማይ ግን በደንብ አጫውቼሽ አላውቅም። ሳንባ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ በእጄ እዳብሰዋለሁ። ጤነኛው ለስላሳ ነው፣ ስትጫኚው ይሰረጉዳል። አንዳንዱ ላይ ግን ጠንከር ያለ ጉብታ እጅሽን ይይዘዋል። በቢላ ስትነኪው ጥርት ያለ ውሃ ፊጭ ይላል፣ ከውስጡ ደግሞ የተቀቀለ እንቁላል ነጩን የመሰለ ሽፋን ይወጣል። ውሃውን ብርጭቆ ውስጥ ብታቆዪው ከታች ደቃቅ ዝቃጭ ታያለሽ። ዝቃጩ ውስጥ ያሉት የትል ራሶች ናቸው። በሽታው ሃይዳቲድ ይባላል። እንዲህ ያለው ሳንባ ከቄራ እንዳይወጣ እናስወግደዋለን። ከሰፈር የምትገዢው ሳንባ ግን በማን እጅ እንዳለፈ በምን ታውቂያለሽ? በዓል ሲሆን ደግሞ በየጓሮው ነው የሚታረደው፣ የሚያየው ሰው የለም።

ያ ዝቃጭ ውሻ ሆድ ሲገባ አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል። ትሉ ቁመቱ ከ7 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ውሻው አይከሳም፣ አይታመምም፣ እንደልማዱ ይበላል ይጫወታል። ከሰባት ሳምንት ገደማ በኋላ ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር የትሉ እንቁላል መውጣት ይጀምራል፣ ፀጉሩና አፉ አካባቢም ይጣበቃል። ሚጡ ቀኑን ሙሉ አቅፋው ነው የምትውለው፣ እጇ ደግሞ ከአፏ አይጠፋም። እንቁላሉ ሰው ውስጥ ከገባ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያው ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሆንና ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል። ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ካደገ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ኦፕራሲዮን ሊያስፈልግ ይችላል።

«እኛስ ቁርጥ እንበላ የለ?» ብለሽኛል። ቁርጥ የሚያመጣብን ኮሶ ነው፣ እሱ በመድኃኒት ይወጣል። ይሄኛው መንገዱ ሌላ ነው። ሰው ከረጢቱን ራሱን ቢበላው እንኳ በሽታው አይዘውም፤ የሚይዘው ውሻ ውስጥ ካደገው ትል በሚወጣው እንቁላል ነው። ለዚህ ነው ሳንባው ጥሬውን ለውሻ እንዳይሰጥ አጥብቄ የምለምንሽ። ኒውዚላንዶች ጥሬ የሆድ ዕቃ ለውሻ መስጠትን ከልክለው፣ ውሾቻቸውን በመድኃኒት እያከሙ ስንት ዓመት ለፍተው ነው እ.ኤ.አ. በ2002 ከዚህ በሽታ ነፃ ነን ያሉት።

ውሻ እኮ ተኩላ ነው፣ ተፈጥሮው ጥሬ ስጋ ነው ለሚሉሽም መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የስዊድን ተመራማሪዎች ውሻ ከተኩላ በተለየ ስታርች፣ ማለትም እህልና ድንች ውስጥ ያለውን ገንቢ ነገር፣ የሚፈጭበት ጂን እንደበዛለት አሳይተዋል። ከሰው ጋር ሲኖር የሰውን ምግብ ለምዷል። ሩዝና ድንች አብስለሽ ብትቀላቅዪለት ይስማማዋል።

አሁን አጥንቱ። ቦቢ ገና ቡችላ ነው። ቀይ ስጋ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከካልሲየሙ ከ10 እጥፍ በላይ ይበልጣል፣ ስለዚህ ስጋ ብቻ የሚበላ ቡችላ ካልሲየሙን ከራሱ አጥንት ይስባል፣ እግሩም በትንሽ ዝላይ ይሰበራል። የእንቁላል ቅርፊት አድርቀሽ አልመሽ ፍጪና ጨምሪለት፤ መጠኑን ግን የእንስሳት ሐኪም ይንገርሽ፣ ለቡችላ ሲበዛም ይጎዳል። ከኢንተርኔት የሚገኘውን አዘገጃጀት ዝም ብለሽ አትመኚ። በዚያው 2013 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ 200 የቤት ውስጥ የውሻ ምግብ አዘገጃጀቶች ተመርምረው 95 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር ጎድሏቸው ተገኝተዋል። ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሩቅ አይደለም፣ ይዘሽው ሂጂ። የተቀቀለ አጥንት አትስጪው፣ ተሰንጥቆ አንጀቱን ይወጋዋል። የወጥ ትራፊም ይቅር። ሽንኩርት ቢበስልም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያጠፋል፣ ነጭ ሽንኩርቱም እንደዚያው።

ሳንባና ጉበት የምትሰጪው ከሆነ ቆራርጠሽ፣ ውሃው ከፈላ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀቅዪው። ጥሬውን የከተፍሽበትን መክተፊያና ቢላ ለሰላጣ እንዳትነኪው፤ ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ሰውንም ውሻንም አይምርም።

እስከ ዛሬ የበላው ስላለ በዚህ ሳምንት የትል መድኃኒት ይውሰድ። ዝም ብለሽ «የትል መድኃኒት» አትበያቸው፣ ፕራዚኳንቴል ያለበትን ጠይቂ፣ መጠኑም በክብደቱ ነው። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን ስለማይገድል የሚቀጥሉትን ጥቂት ቀናት ዓይነ ምድሩን በጓንት ሰብስበሽ አቃጥዪው፣ ወይ ጠለቅ አድርገሽ ቅበሪው። ሚጡም ቦቢን ነክታ ሳትታጠብ ምግብ እንዳትቀርብ።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች። መድኃኒቱን እንደሰጠሽው ደውዪልኝ፣ የሚደገምበትን ቀን አብረን እንቆርጣለን።

አባትሽ