ጋሼ፣ ውለታዎን በምን ልክፈል?

ባለፈው እሁድ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቼ የሁለት ዓመቱን የጎልማሶች ትምህርት ጨርሰው ተመረቁ። የባንክ ሥራዬን ለቅቄ ጎልማሶችን ላስተምር ስነሳ የተባለውን፣ ከዚያ በኋላም ያየሁትን ታውቃላችሁ። አልደግመውም። ዛሬ ማመስገን ነው የምፈልገው።

መጀመሪያ ጋሼን። ስሜን እንዳትጽፊ ብለውኛል፤ እሺ፣ አልጽፍም።

ጋሼ፣ ያቺ የመጀመሪያዋ ሰኞ ትዝ ትልዎታለች? ሰሌዳውን ወልውዬ ብጠብቅ አንድም ሰው አልመጣ። እያለቀስኩ ቤትዎ መጣሁ። "ልጄ፣ ደሴ ላይ ሰኞ ማን ቁጭ ብሎ ሀሁ ይላል? ገበያ ነው እኮ!" አሉኝ። ጋቢዎን ደርበው ሰኞ ገበያ ወሰዱኝ። ተማሪዎቼ ሁሉ እዚያው ነበሩ። ሽንኩርት የሚሸጡት እማማ ፊት ቆመው "ሁለት ኪሎ የቱ ጋ ነው?" ሲሏቸው እማማ ሚዛኑ ላይ ቁጥሯን በጣታቸው ነኩ። "ይኸው፣ ያውቋታል። ስሟን ነው ያልነገርሻቸው" አሉኝ። የጎልማሶች አስተማሪ "አመቻች" ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ክፍል የለንም፣ ገበያው ነው ክፍላችን።

እስክሪብቶ ሲይዙ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ተማሪዎቼም መላ ያገኙላቸው እርስዎ ነዎት። በ1971 ዓ.ም. ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወጥተው በኩራዝ ሲያስተምሩ የለመዱትን ነው ያሳዩኝ። ሰፌድ ላይ ጤፍ አፍስሰው በጣታቸው አስጻፏቸው። ቢሳሳቱ ሰፌዱን ነቅነቅ ማድረግ ነው፣ ይጠፋል። ማንም አያፍርም። እማማ "መ"ን ጽፈው እጃቸውን አፋቸው ላይ ሲጭኑ እርስዎ ፊትዎን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አይቼዎታለሁ፣ ጋሼ።

ባንክ ሳለሁ የስንት እናት አውራ ጣት ይዤ ቀለም አስነክቻለሁ። እማማ ባለፈው ወር ደብተራቸውን ይዘው ሄደው ስማቸውን ጽፈው ፈረሙ። ሲነግሩኝ ያለቀስኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚህ ሁሉ በስተኋላ ጋሼ አሉ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ዱአዎም አይለየኝ።

እማዬ፣ "ባንክ ተትቶ?" ብለሽ ሳምንት ሙሉ ብታኮርፊኝም ምሳዬን አላቋረጥሽብኝም። እግርሽን ልሳም።

የትምህርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች፣ እየመጣችሁ ያስተማራችሁልን የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፣ አዳራሹን የሰጣችሁን የዕድራችን አባላት፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ደብተር የገዛችሁልን የድሮ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እናንተም ክበሩልኝ። ስማችሁን ያልጠራሁት ይቅር በሉኝ። ይህን የምጽፈው እንባ እየተናነቀኝ ነው፣ ረስቼ አይደለም።

ማክሰኞ አዲሶቹ ይጀምራሉ። ጋሼ፣ ሰፌዱን ይዤ ጠዋት ቤትዎ እመጣለሁ።