ከሐሙስ በፊት መልሺልኝ

አንቺዬ፣

እንኳን ማርያም ማረችሽ። አዎ፣ ከስምንት ወር በኋላ። ስድብሽን አስቀምጪልኝ፣ በአካል ስንገናኝ እቀበላለሁ። ባለፈው እሑድ እማማን ቦሌ መድኃኔዓለም ደጅ አገኘኋቸውና ገና ሰላም ሳልላቸው «ልጄ ወለደች እኮ፣ ሰማሽ ወይ?» አሉኝ። ሰምቻለሁ። ፎቶዋንም አይቼ፣ ልብ ተጭኜ፣ አልፌያለሁ። የምገባበት ጠፋኝ። ልደውል እልና «አሁን ብደውል ምን እላለሁ» እያልኩ ወር በወር ላይ ተደራረበ። ይቅርታ አድርጊልኝ። በቃ፣ እዚህ ላይ ላቁመው፣ አለዚያ ደብዳቤው ለቅሶ ይሆናል።

ደግሞ የጻፍኩልሽ በናፍቆት ብቻ አይደለም። ቸግሮኝ ነው።

የዲዛይን ቡድን መሪ አድርገውኛል። ሳቂ። «ሥራዬን ማንም እንዳይነካብኝ» ስል የነበርኩት እኔ፣ ዛሬ ሰባት ሰው አለኝ። ከሰባቱ ትንሹ ዝምተኛ ነው፣ እጁ ግን አንቺን ያስታውሰኛል። የብድሩን ገጽ ለእሱ ሰጠሁት። ምን ሠራ መሰለሽ? ከሚጫኑት የመበደሪያ ቁልፍ በላይ፣ በትልቁ፣ «እጅዎ የሚገባው 1,880 ብር፤ የአገልግሎት ክፍያ 120 ብር» ብሎ ጻፈ። 2,000 ለሚበደር ሰው ማለት ነው። የመመለሻ ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር አደረገው፣ ጳጉሜን ሳይረሳ። ያቺ አምስት ቀን፣ አንዳንዴም ስድስት፣ ስንት ጊዜ እንዳስለቀሰችን ታውቂያለሽ።

ከአለቆቹ አንዱ አየውና «ክፍያው እዚያ ምን ይሠራል? ሰው ያስደነብራል» አለ። እኔም «እናየዋለን» አልኩ። እኔ «እናየዋለን» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

የዚያን ዕለት ማታ ስድስት ሰዓት ገደማ ፊግማውን፣ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ገብተን የምንሠራበትን የዲዛይን ፕሮግራም፣ ከፈትኩ። ክፍያውን ከቁልፉ በታች አወረድኩት። አሳነስኩት። ግራጫ አደረግሁት። ለራሴ «ገጹ ተጨናንቋል፣ ትንሽ ላስተንፍሰው» እያልኩ ነው እንግዲህ፤ ስለ አለቃው አንድም ጊዜ አላሰብኩም፣ ወይም እንዳላሰብኩ ሆኛለሁ። ከዚያ ጥግ ላይ አንድ ጠቋሚ አየሁ። የልጁ ስም አለበት። አይንቀሳቀስም። እሱም ፋይሉ ውስጥ ነበር፣ እያየኝ። ላፕቶፑን እንደ ሌባ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። እሱን መዝጋት ምን ዋጋ አለው?

ጠዋት ስገባ አንድ ኮሜንት ትቶልኛል። «2.3 ለ 1»። በቃ፣ ይኸው ነው። ግራጫው ከነጩ ጋር ያለው ንፅፅር ነው። ለትንሽ ጽሑፍ ከ4.5 ለ 1 መውረድ እንደሌለበት ያስተማረው ማን ሆነና? እኔው ነኝ፣ ዐይኑ የደከመ ሰውም ማንበብ አለበት እያልኩ።

ቡና ልጋብዝህ አልኩት። «ለምን አልነገርከኝም?» ብዬ ጭራሽ እኔው ጠያቂ ሆንኩ። «እርስዎ ካስተካከሉት ይሻላል ብዬ ነው» አለኝ። እርስዎ! ከመጣ ጀምሮ አንቺ ሲለኝ የኖረ ልጅ። ማኪያቶዬ ሳይነካ ቀዘቀዘ።

ያ መምህራችን ትዝ አለኝ። ከኋላ መጥቶ ቻርኮሉን ከእጃችን እየነጠቀ ሥዕላችን ላይ የሚሥለው። አንቺ አንድ ቀን ወረቀቱን አንስተሽ ሰጥተሽው «እንግዲህ ይፈርሙበት» ያልሽው ጊዜ ሳምንት ሙሉ ስንስቅ ሰነበትን። እኔ ያን ሰውዬ ሆኛለሁ። ኧረ እሱ ይሻላል፣ እሱ ለማሳመር ነበር የሚነካው።

ስትሄጂ የተውሽው የዚያ ጀርመናዊ ዲዛይነር፣ የዲተር ራምስ፣ ወረቀት አሁንም ግድግዳው ላይ አለ። «ጥሩ ዲዛይን ሐቀኛ ነው» የምትለዋን አዲስ ልጅ በመጣ ቁጥር በጣቴ እያሳየሁ አስረዳለሁ። አለማፈሬ።

ትናንት ማታ ገጹን ወደ ልጁ ሥራ መለስኩት። ይቅርታም ጠየቅሁት፣ ግን ለብቻው፤ ስድስቱ ምንም አያውቁም። ለእነሱም መንገር እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ እስካሁን አፌ አልደፈረም። አሁን የቀረው ሐሙስ ነው። አለቆቹ ፊት መቅረብ አለበት፣ እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ምላሴ ይተሳሰራል። የቤት ኪራዩም አለ። ልጁ ራሱ ያቅርበው ብዬ አስቤ ነበር፣ ሥራው የእሱ ነውና። ግን እሱን ከፊት አቁሜ ከኋላው መደበቅ መሰለኝ። እኔ ላቅርበው ስል ደግሞ ሁለተኛ ቀማሁት ማለት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ይሄን ነው የማመነዥከው። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? አታባብይኝ፣ ዝም ብለሽ ንገሪኝ።

ስብሰባው ጠዋት 4 ሰዓት ነው። አንቺ ጋ ሜሪላንድ ሌሊት 9 ሰዓት ይሆናል። እማማ እንዳሉኝ ልጅቷ በዚያ ሰዓት ነው የምታስነሳሽ። እያጠባሽ በአንድ እጅሽ ሁለት ቃል ብትጽፊልኝ ይበቃኛል።

ደግሞ ማን አላችኋት? እማማን ለመጠየቅ አፍሬ ነው።