የሙታን ገበያ

ውድ ልጄ፣

የሩሲያዊውን ደራሲ የጎጎልን «ሙት ነፍሳት» ልብ ወለድ ጀምረሽ የሰውየው ንግድ አልገባኝም ብለሻል። ሒሳቡ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን ሩሲያ ባለርስቱ ገበሬዎቹን መሸጥም በመያዣነት ማስያዝም ይችል ነበር። (የእኛ ጭሰኛ ምርቱን ያካፍላል፣ ከመሬቱም ይነቀላል እንጂ ራሱ በውል አይሸጥም ነበር።) ግብር የሚከፈለው በወንድ ነፍስ ወከፍ ነው። ቆጠራ የሚካሄደው ከስንት ዓመት አንዴ ስለሆነ በመካከል የሞተ ገበሬ በመዝገብ ላይ በሕይወት ይቆያል፤ ጌታውም ይገብርለታል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ቺቺኮቭ እነዚህን ሙታን በርካሽ ገዝቶ፣ በሕይወት እንዳሉ አስመስሎ አስይዞ፣ በነፍስ 200 ሩብል ሊበደር ያስባል።

አንቺ አጭበርባሪው ላይ ዐይንሽን ተክለሻል። እኔ ግን ሻጮቹን ተመልከቺ እላለሁ። ማኒሎቭ መጀመሪያ ቢደነግጥም ሕጋዊ ነው ሲባል ደስ ብሎት በነጻ ይሰጣል። መበለቷ ኮሮቦችካ የምትፈራው ኃጢአቱን ሳይሆን መከሰርን ነው፤ በኋላ እንቅልፍ አጥታ የሙት ነፍስ የገበያ ዋጋ ስንት እንደሆነ ልትጠይቅ ከተማ ድረስ ትመጣለች!

ከሁሉ የምወደው ሶባኬቪችን ነው። በአንድ ሙት 100 ሩብል ይጠራል። ከዚያ ማሞገስ ይጀምራል፦ ሚሄየቭ የሚሠራው ሠረገላ ወደር የለውም፣ አናጺው ስቴፓን ፕሮብካ ጉልበቱ ለጉድ ነው፣ ጫማ ሰፊው ደግሞ መጠጥ የሚባል በአፉ አይዞርም። ቺቺኮቭ «ሞተዋል እኮ» ሲለው ይስማማና፣ በሕይወት አሉ የሚባሉትስ ምን ሰዎች ናቸው፣ ዝንቦች እንጂ፣ ይላል። በመጨረሻ በሁለት ሩብል ተኩል ይስማማሉ። ሰዎቹ በሕይወት ሳሉ እንዲህ ተመስግነው ያውቁ ይሆን? እጠራጠራለሁ።

ፕሊዩሽኪን ዘንድ ስትደርሺ ጫማውን አስተውዪ። ከሺህ በላይ ገበሬ ያለው ሰውዬ ለቤት አሽከሮቹ በሙሉ ያለው አንድ ጥንድ ቦት ጫማ ነው፤ እሱም መግቢያው ላይ ይቀመጣል። የተጠራ ሁሉ ግቢውን በባዶ እግሩ እየዘለለ አቋርጦ፣ ጫማውን አጥልቆ ይገባል፤ ሲወጣ አውልቆ ይተወዋል። በምድር ቤቱ ደግሞ ዱቄቱ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ ካልተፈለጠ አይነሳም። ጎጎል አንድም ቦታ «ግፍ ነው» ብሎ አይጮህም። መጽሐፉ በ1842 እ.ኤ.አ. የወጣው ሳንሱር አልፎ ነው፤ የገበሬው ነጻነት የታወጀው ደግሞ በ1861 እ.ኤ.አ. ነው።

ሰባተኛውን ምዕራፍ በዝግታ አንብቢው። ቺቺኮቭ የገዛቸውን ስሞች ዝርዝር ይዞ እያንዳንዱ እንዴት ኖሮ እንዴት እንደሞተ ያስባል። እኔ የዚያን አናጺ አሟሟት ካነበብኩ በኋላ ቺቺኮቭን ሙሉ በሙሉ መጥላት አቅቶኛል።

ሁለተኛውን ክፍል ግን ብትዘዪውም አልቆጣም። ጎጎል ከመሞቱ ጥቂት ቀናት በፊት፣ በ1852 እ.ኤ.አ.፣ ጽሑፉን እሳት ውስጥ ከቶታል። በተረፉት ገጾች ውስጥ አንድ አርአያ የሚሆን ባለርስት ሊያሳየን ይታገላል፤ ሰውየው ሥራ ወዳድና ቁጥብ ነው፣ ግን ከሶባኬቪች አጠገብ ቢቆም ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

አባትሽ