የሳይንስ ክበብ፦ ዝንብም ታረጃለች

ዘንድሮ የክበባችን አባላት የመረጡት ጥያቄ ብዙ ሰው አስቋል። እንስሳ ሲያረጅ የቀንና የሌሊት እንቅስቃሴው እንዴት ይለወጣል? ለዚያውም በፍራፍሬ ዝንብ! በመምህራን ማረፊያ ክፍል የሰማሁትን ቀልድ እዚህ አልጽፈውም።

ዝንቧን የመረጥናት በምክንያት ነው። የላቦራቶሪ አይጥ እስክታረጅ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል። የፍራፍሬ ዝንብ ግን በ25 ዲግሪ ሙቀት ብትኖር ሁለት ወር አካባቢ ነው። ደግሞም ኮኖፕካና ቤንዘር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1971 የሰውነት ሰዓትን፣ ማለትም የእንቅልፍና የንቃት ጊዜን የሚመራውን የውስጥ ሰዓት፣ የሚነካ ዘረመል ያገኙት በእሷው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. የ2017ቱ የሕክምና ኖቤልም የዚያ መንገድ ቀጣይ ነው።

ትልልቅ ላቦራቶሪዎች ዝንቧን ጠባብ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ያስገቧታል። መሃል ላይ የማይታይ ጨረር አለ። ባቋረጠችው ቁጥር ኮምፒውተር ይቆጥራል። እኛ ጨረር የለንም። ቱቦው ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመርንና ተራ ገብተን ቆጠርን። ለሌሊቱ የስልክ ካሜራና ደብዛዛ ቀይ መብራት ረዳን፤ ዝንብ ቀይ ብርሃን እምብዛም አይታያትም።

ውጤቱን በካሬ ወረቀት አሰፈርን። አንዱ መስመር አንድ ቀን ነው፤ ዝንቧ ስትንቀሳቀስ ካሬው ይጠቁራል። የወጣቷ ወረቀት ላይ ሁለት ጥቁር ዓምዶች ቁልቁል ይወርዳሉ፦ አንዱ የጠዋት፣ አንዱ የማታ። ቀትር ላይ ታሸልባለች። የሚገርመው፣ መብራቱ ሳይበራ ገና ቀድማ መንጎራደድ ትጀምራለች። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ በምን አወቀች?» አለችኝ። የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ ይህ ነበር።

አሮጊቷ ዝም ብላ ፈዛ ትቀመጣለች ብለው የገመቱ ብዙ ነበሩ። የእሷ ወረቀት ግን ዝንጉርጉር ሆኖ አረፈው። ዓምዶቹ ሳስተዋል፣ የሌሊቱ እንቅልፍ ተቆራርጧል። ትንሽ ትተኛለች፣ ትነቃለች፣ ትራመዳለች፣ መልሳ ትተኛለች። ዝንቦቻችን ጥቂት ስለሆኑ ይህን ማስረጃ ብዬ አልከራከርበትም። ከታተሙት ጥናቶች ጋር ግን ይገጥማል።

ሁለተኛው መንፈቅ በንባብ አለፈ። አይጥና ሃምስተርም (አይጥ መሰል ትንሽ እንስሳ) ሲያረጁ መንኮራኩር ላይ የሚሮጡት ይቀንሳል፣ ሩጫቸውም ይበታተናል። ዋናው ሰዓታቸው የዓይን ነርቮች ከሚገናኙበት ቦታ በላይ፣ አንጎል ውስጥ ያለ የ20,000 ገደማ ሴሎች ስብስብ ነው። በእርጅና ሴሎቹ እንዳሉ አሉ፤ ችግሩ እንደ ደከመ የመዘምራን ቡድን እኩል ማዜም ማቃታቸው ነው።

ክርክር ያስነሳው እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት ነው። መብራቱ በየሳምንቱ 6 ሰዓት እየቀደመ ሲበራባቸው፣ ያረጁት አይጦች ሰዓታቸው ካልተነካው እኩዮቻቸው ይልቅ በብዛት ሞቱ። ወጣቶቹ ግን ቻሉት። ግማሹ ክበብ «ይህማ ጭካኔ ነው» አለ። ሌላው ግማሽ ሌሊት በፈረቃ የሚሠሩ አዛውንቶችን አነሳ። እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው ባይ ነኝ፤ አባላቱ ግን ይህን መልስ አልወደዱትም።

ለመጪው ዓመት ቆጠራው በሙሉ በካሜራ እንዲሆን ተወስኗል። የሌሊት ቪዲዮ ሳያንጎላጅ የሚያይ ተማሪ ካለ፣ ክበቡ በደስታ ይቀበለዋል።