ያላመመሽ ቁስል

ይድረስ ለእናቴ፣ ጅማ

እማዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ናፍቆቱ ነው እንጂ። ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በይልኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምንድነው እንዳትይኝ። በስልክ ስለ ስኳር በሽታሽና ስለ እግርሽ ሳነሳ «በልተሻል? ብርዱ እንዴት ነው?» ብለሽ ወሬ ትቀይሪያለሽ። ስለዚህ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬዋለሁ። ሚሚዬ፣ አንቺ ነሽ የምታነቢላት፤ አንድ መስመር እንዳትዘልይ።

እሁድ በቪዲዮ ሳይሽ በርጩማው ላይ ቁጭ ብለሽ ቡና ትቆዪ ነበር። እግርሽ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ምነው ስልሽ ሳቅሽ። «ፍም ወድቆብኝ ነው። ኧረ እንኳን ሊያመኝ አልተሰማኝም!» አልሽኝ። ልታጽናኚኝ ነው። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቢያምሽ ይሻለኝ ነበር።

የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ማታ ማታ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች እግር ማየት ሥራዬ ነው። ጣት በጣት፣ ውስጥ እግራቸውን ሳይቀር። መጀመሪያ ሰሞን ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ነርሷ ናት ያስረዳችኝ። ስኳር በደም ውስጥ ለዓመታት ሲበዛ ነርቭንም ቀጫጭን የደም ሥሮችንም ይጎዳል። ነርቩ ሲደክም እግር አያምም። የደም ሥሩ ሲጠብ ቁስሉ ጋ ደም በደንብ አይደርስም፤ ስለዚህ ቶሎ አይሽርም። ሰውነትም ጀርምን መከላከል ያቅተዋል። ሦስቱ ሲገጥሙ አንዲት ፍም ያቃጠለችው ቦታ አጥንት ድረስ ሊያመረቅዝ ይችላል። ሐኪሞች ኮምፕሊኬሽን ይሉታል። እኛ ቤት መዘዝ የምንለው ነው።

አጎቴን አስቢው እስቲ። ሚስማር ጫማውን በስቶ እግሩ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲዞርበት ዋለ። ማታ ጫማውን ሲያወልቅ ነው ደሙን ያየው። አላመመውማ! ሳምንታት ቤት ተቀመጠ። ሽታው ሲብስ ወሰዱት፤ እግሩ ተቆረጠ። ሰፈሩ ሁሉ «ሆስፒታል ገብቶ እግሩን አጣ» አለ። እስከዛሬ ያናድደኛል። እግሩን ያጣው እኮ ቤት ቁጭ ባለባቸው ሳምንታት ነው።

«መርፌው ዓይን ያጠፋል» የሚሉሽም እንደዚያው ናቸው። ብዙ ሰው ኢንሱሊን የሚጀምረው ስኳሩ ለዓመታት ሲጎዳው ከርሞ ነው። ዓይኑ ቀድሞ ተነክቷል፤ ወቀሳው ግን መርፌው ላይ ይወድቃል። ደግሞ ልንገርሽ፣ ኢንሱሊን የተገኘው እዚሁ እኔ ያለሁበት ቶሮንቶ ነው፣ በፈረንጆች 1921። በ1922 መጀመሪያ ላይ ከተወጉት ሁሉ ቀዳሚው ሊዮናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ሊሞት ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ።

መርፌውም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተወግተሽ ምግብ ሳትበይ ከቀረሽ ስኳርሽ ይወርዳል። ላብ ላብ ካለሽና እጅሽ ከተንቀጠቀጠ ቶሎ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ጠጪ፤ ወይም ማር ላሺ። የጅማ ማር የተፈቀደልሽ ያኔ ብቻ ነው!

ሚሚ ቁስሉ ላይ የተፈጨ ቡና አድርገሽበታል አለችኝ። ጅማ ለኖረ ሰው ቡና የሁሉ መድኃኒት ቢመስለው አልፈርድም። ቁስል ላይ ግን ይቅርብሽ። በፍል ውሃና በጨው መዘፍዘፉም ይቅር፤ እግርሽ ሙቀት ስለማያውቅ ሳይታወቅሽ ትቃጠያለሽ። ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ፤ እሱንም ሚሚ በክርኗ ትለካው።

ሐኪም ቤት ቀጭን የናይለን ክር እግርሽ ላይ ጫን እያደረጉ «ተሰማሽ?» ይሉሽ ይሆናል። ካልተሰማሽ አልተሰማኝም በይ። ሰው ደስ እንዲለው ብለሽ «አዎ ልጄ» እንደምትዪ አውቃለሁ። የሞተ ሥጋ ካለም ቆርጠው ያነሱታል። አትደንግጪ፤ እግር መቁረጥ አይደለም። እሱ ካልተነሳ አዲሱ ሥጋ አይበቅልም።

የላክሁት ብር ለሕክምናና ለጫማ ነው፤ ለሚካኤል ድግስ አይደለም። ሰፋ ያለ፣ ጣትሽን የሚሸፍን ጫማ ግዢ። ከማድረግሽ በፊት አራግፊው፤ ጠጠር ቢኖርበትም እግርሽ አይነግርሽም።

ነገ ሐሙስ ነው። ሒርማታ ገበያ ልትወጪ እንዳሰብሽ አላጣሁትም። ቅቤው ይቆይ። ጠዋት ባጃጅ ይዛችሁ ቀጥ ብላችሁ ሆስፒታል ሂዱ። ሚሚዬ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ጨርቁን ፈትተሽ ውስጥ እግሯን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። ጣቶቿ መሃልም እንዳይቀር። እናንተ ጋ ሲነጋ እኔ የማታ ሥራ ላይ ነኝ፤ ስልኬን ከኪሴ አላወጣም፣ ሲነዝረኝ አየዋለሁ።

ልጅሽ